ካርዱ ከወጣ በኋላ

ይህ ነገር በእርግጥ ደርሶብኛል። ከሰው የሰማሁት ወሬ አይደለም። አብዛኛውን በገዛ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ መጨረሻውን ደግሞ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፣ በጥር ወር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ።

ጨለማ አልነበረም። ፀሐይዋ በረዶው ላይ አርፋ ዓይን ታጭበረብር ነበር። ቦታው ተንደር ቤይ፣ ካናዳ፣ ከሐይቁ ዳር ያለው የእንጨት ቤቴ ነው።

ስሜ ኢርያ ነው። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። አሁን የምታነቡትን ለልጄ እንኳ አልነገርኳትም። ስለፈራሁ አይደለም።

ስላፈርኩ ነው።

ልጄ ፓውላ ሩቅ ባለ የወርቅ ማዕድን ማውጫ ውስጥ ነው የምትሠራው። በአውሮፕላን ሄዳ ሁለት ሳምንት እዚያ ትቆያለች፣ ሁለት ሳምንት እዚህ። እሷ በሌለች ጊዜ የልጅ ልጄ ቬንላ እኔ ዘንድ ነች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ቫዮሊን ትጫወታለች። «ሙሙ» ትለኛለች። እኛ ፊንላንዳውያን አያትን የምንጠራው እንደዚያ ነው።

ፓውላ ሁልጊዜ ስትሄድ አንድ ነገር ትለኛለች። «እማዬ፣ ዓይንሽን ከሷ ላይ እንዳትነቅዪ።»

እንኳን ተነግሮኝ እንዲሁም ፈሪ ነኝ። ልጅቷ አምስት ደቂቃ ከዘገየች በር ላይ ወጥቼ እቆማለሁ። የሐይቁ በረዶ ከድቷት ይሆን? መኪና ይሆን? በሯን ዘግታ ስትቀመጥ ደግሞ... ከማን ጋር ነው የምታወራው? ልጅ ያሳደጋችሁ ታውቁታላችሁ።

እና አንድ ነገር አደረግሁ።

ጎረቤቴ ሬይኖ ጡረታ የወጣ የስልክ ቴክኒሻን ነው። ቬንላ ትምህርት ቤት እያለች ላፕቶፗን ከክፍሏ አውርጄ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ክፍሏ ውስጥ ያለውን ድምፅ በኔ ታብሌት እንድሰማ አድርግልኝ» አልኩት።

መነፅሩን አወለቀ። «ልጅቷ ታውቃለች?»

«አዎ።»

ዋሸሁት። መዋሸቴም ገብቶታል። ግን የእኛ ሰዎች ሁለተኛ መጠየቅ አይወዱም። ዝም ብሎ ሠራው።

ሲጨርስ እንዲህ አለኝ፦ «ስሚ ኢርያ፣ ድምፁ ያለ ዕረፍት በዋይፋይ ነው የሚላከው። ላፕቶፑ አሮጌ ነው። የዋይፋይ ካርዱ ሥራ ሲበዛበት ሌላውን ሁሉ ያደናቅፋል። ድምፅ እየተንጣጣ ካስቸገራት ምክንያቱ ይኼው ነው። ንገሪኝ፣ መጥቼ አነሳዋለሁ።»

«እሺ» አልኩት።

ታብሌቱን ከዳቦ ሳጥኑ ጀርባ ሸሸግሁት። ስክሪኑ ላይ ሬይኖ «የቬንላ ክፍል» ብሎ ጽፎበታል። ገጽ ስትገልጥ እሰማለሁ። ቫዮሊኗን ስትቃኝ እሰማለሁ። አንዴማ ስታስነጥስ «ይማርሽ!» ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝ!

ከማንም ክፉ ሰው ጋር አላወራችም። ብቻዋን የምትለማመድ ልጅ ነበረች።

መዝጋት ነበረብኝ። አልዘጋሁም።

ከዚያ ያ ሳምንት መጣ።

ቬንላ ሞንትሪያል ላለ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሃያ ደቂቃ ሳይቆረጥ ተጫውታ፣ ቀርጻ መላክ ነበረባት። የመጨረሻው ሰዓት ቅዳሜ አሥራ አንድ።

ሰኞ ዕለት ደረጃውን እየሮጠች ወረደች።

«ሙሙ፣ ይኼን ስሚ እስቲ!»

ቫዮሊኑ ያምራል። ግን በየመሀሉ ጣ... ጣ ጣ... ጣ... እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣል።

«ማይክራፎኑ ይሆን?» አልኳት።

ይኼን ያልኩት እኔ ነኝ። እያወቅሁ።

ከትምህርት ቤት ሌላ ማይክራፎን ተውሳ መጣች። ያው ነው። የድምፁን ሶፍትዌር አጥፍታ እንደ አዲስ ጫነች። ያው ነው። ላፕቶፑን ከኃይል ቁጠባ አወጣችው። ያው! እኔ ሄል ያለበትን ዳቦ ቆርሼ አቀርብላታለሁ፣ ራሷን እየዳበስኩ «አይዞሽ» እላታለሁ። አንድ ቃል ብነግራት ያልቅ ነበር።

ለምን አልነገርኳትም? አንደኛ፣ ልሰማት እንደደፈርኩ ታውቅብኛለች። ሁለተኛውን ግን... ሁለተኛውን በአፌ ብዬው አላውቅም። በልቤ ብቻ ነው ያልኩት። ቅጂው ካልተሳካ ሞንትሪያል አትሄድም።

እኛ ቤት የልብ ወሬ የሚወራው ሳውና ውስጥ ነው። በእንፋሎቱ ውስጥ ራቁቱን የተቀመጠ ሰው አይዋሽም። ያን ሳምንት ከእሷ ጋር አልገባሁም።

«ሙሙ፣ ዛሬም አትመጪም?»

«ደም ግፊቴ ነው ልጄ፣ አንቺ ግቢ።»

ማክሰኞ ዕለት ዘጠኝ ተኩል ላይ ድንች እየላጥኩ ነበር። ከታብሌቱ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ።

ከዚያ እርምጃ... በካልሲ የሚራመድ ሰው ዝግ ያለ እርምጃ።

ከዚያ ማንጎራጎር። ቬንላ የምትለማመደው ዜማ።

«ሳላያት ገባች እንዴ?» ብዬ ወደ በሩ ሄድኩ። እኛ ዘንድ ጫማውን በር ላይ ሳያወልቅ የሚገባ ሰው የለም።

ጫማዋ የለም።

ካፖርቷም የለም።

ቢላዋውን እንደያዝኩ ደረጃውን ወጣሁና ክፍሏን ከፈትኩ። ማንም የለም። አልጋው ተነጥፏል። ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ነው። ወንበሩ ግን ከጠረጴዛው ርቆ... ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ቆሟል።

ወደ ቦታው መለስኩት። 

ከሩብ ሰዓት በኋላ ቬንላ ትከሻዋ ላይ በረዶ ይዛ ገባች። «አውቶቡሱ ተበላሽቶብን እኮ ነው! ምነው ሙሙ፣ ምን ሆነሻል?»

«ምንም።»

እንዴት ልንገራት? ብነግራት «የት ሆነሽ ሰማሽ?» ትለኛለች።

ሐሙስ ደግሞ ብቻዬን ነበርኩ። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ታብሌቱ ላይ ደገፍኩ። ማንጎራጎር የለም። መንጣጣቱ ብቻ።

ጣ... ጣ... ጣ...

አንድ ነገር ታወቀኝና ትንፋሼን ያዝኩ።

ቆመ።

ተነፈስኩ።

ጣ... ጣ...

እንደገና ያዝኩ። ደረቴ እስኪያቃጥለኝ ያዝኩ።

ቆመ። ከኔ ጋር ትንፋሹን የያዘ ይመስል።

ያኔ እንኳ አልዘጋሁትም። ለሬይኖ ብደውል «ልጅቷ አታውቅም ነበር አይደል?» ይለኛል ብዬ... አያችሁ? እፍረት ሰውን የሚያደርገውን?

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ከላይ ጩኸት ሰማሁ።

«ሙሙ! አገኘሁት! ዋይፋዩ ነው!»

ላፕቶፑን ታቅፋ ወረደች። «ሳጠፋው ድምፁ ጥርት ይላል። ግን ራሱን መልሶ ያበራል! አጠፋዋለሁ፣ ያበራል። አጠፋዋለሁ፣ ያበራል። የሆነ ነገር እያስገደደው ነው።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«እነቅለዋለሁ። ካርዱን ራሱን። ትንሿን ብሎን መፍቻ ስጪኝ።»

ሰጠኋት። የላፕቶፑን ሆድ ከፈተች። ካርዱ ቴምብር የምታህል ነገር ናት፤ አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ ሽቦ ተያይዘውባታል። ሽቦዎቹን አላቃ፣ ካርዱን መዝዛ የስኒ ማስቀመጫ ላይ ጣለችው።

«በቃ፣ አሁን ይኼ ላፕቶፕ ከማንም ጋር አይገናኝም» አለች።

እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። በቃ፣ ተገላገልኩ አልኩ። ሳልናገር፣ ሳልዋረድ በራሱ አለቀ።

ወደ ክፍሏ ወጥታ በሯን ዘጋች። በጣሪያው በኩል ቫዮሊኑን ሰማሁ። እንደዚያ ተጫውታ አታውቅም። ሲያልቅ እንባዬን በማድቤት ፎጣ ጠረግሁ።

ላፕቶፑን በብብቷ ይዛ ወረደች። ፊቷ በርቷል።

«አንድም መንጣጣት የለም! አንድም! በፍላሽ ገልብጬዋለሁ፣ ሬይኖ ቤት ሄጄ ልላከው። ገና ሰዓት አለኝ።»

አቀፍኳት። ጉንጯ ይሞቃል።

ከዳቦ ሳጥኑ ጀርባ...

ጣ... ጣ...

የእሷ ክንድ በትከሻዬ ላይ ደረቀ።

«ምንድን ነው ይኼ?» በሹክሹክታ።

«ምንም... ራዲዮ ነው።»

«ራዲዮ የለንም፣ ሙሙ።»

እጇን ሰዳ አወጣችው። ስክሪኑን አነበበች። አንዴ አነበበች፣ ደግማ አነበበች።

«ትሰሚኝ ነበር?»

«...አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከገና ወዲህ።»

 ስታስብ አየኋት፤ ስትደርስበትም አየኋት። «ስለዚህ መንጣጣቱ... ከዚህ ነው የመጣው። ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ሳምንቱን ሙሉ? እኔ እያለቀስኩ?»

 ወለሉን አየሁ።

«ቆይ ግን» አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ካርዱ እኮ ወጥቷል። ላፕቶፑም በእጄ ነው። ይኼ አሁን የሚሰማው... ከየት ነው?»

ታብሌቱ ውስጥ ወንበር ተጎተተ።

ትንፋሽ። የአሮጊት ትንፋሽ።

ከዚያ አንዲት ሴት መናገር ጀመረች፣ ቀስ ብላ፣ እንደሚጸልይ ሰው።

«አይሳካላት... ይንጣጣባት... እዚሁ ትቅርልኝ... አይሳካላት...»

የኔ ድምፅ ነበር።

ቬንላ ቀና ብላ አፌን አየች። አፌ ዝግ ነበር። ከንፈሬን ነክሼው ነበር።

«ቀርጾት ይሆናል» አለች፣ ለራሷ እንደምትነግር። «አዎ፣ ቀርጾ አስቀምጦት ነው። አንቺ ነሽ። መቼ ነው ያልሽው?»

ብዬው አላውቅም! ለማንም፣ የትም፣ በአፌ ብዬው አላውቅም! ይኼን መናገር ነበረብኝ። «ልጄ፣ ይኼ እኔ አይደለሁም፣ እንውጣ ከዚህ ቤት» ማለት ነበረብኝ።

ግን ቃሉ እውነት ነበር። እውነት የሆነውን እንዴት እክዳለሁ?

«ይቅርታ» አልኳት።

ካፖርቷን ለበሰች። ጫማዋን አጠለቀች። በሩ ላይ ሆና፣ ሳታየኝ፦

«ሳውና ያልገባሽው ለዚህ ነዋ።»

ወጣች።

ከላይ፣ በታብሌቱ ሳይሆን በራሱ በጣሪያው በኩል፣ በካልሲ የሚራመድ ሰው ወደ መስኮቱ ሲሄድ ሰማሁ።

እኔ በጓሮ በር ሮጥኩ። ካፖርት የለኝ፣ ቆብ የለኝ። ልጠራት፣ ልለምናት። ሳውናው አጠገብ እስካለው የእንጨት ክምር ደረስኩ። ምን ብዬ ነው የምጠራት? በየትኛው አፌ? ከክምሩ ጀርባ ተሸሽጌ ቆምኩ።

ቬንላ ፍላሹን በጓንቷ ጨብጣ ወደ መንገዱ ትሄዳለች። የፖስታ ሳጥኑ ጋ ስትደርስ ቆመች። ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል።

እኔን አላየችኝም። ቀና ብላ የራሷን ክፍል መስኮት አየች።

ቀስ በቀስ ፊቷ ሲለሰልስ አየሁ። አፍንጫዋን ሳብ አደረገች። ከዚያ ፈገግ አለች፣ «እሺ በቃ፣ ማታ እናወራለን» እንደሚል ሰው። እጇን አንስታ አወዛወዘች።

እኔ ግን እዚህ ታች ነኝ...

ቅጂው በሰዓቱ ደርሷል። ተቀብለዋታል፣ መስከረም ላይ ትሄዳለች። ስለዚያ ቀን ከዚያ ወዲህ አንስታብኝ አታውቅም። «በመስኮት እያለቀስሽ ሳይሽ እኮ አንጀቴን በላሽው» ብላኛለች አንዴ፣ እየሳቀች። ያ እኔ አልነበርኩም አላልኳትም።

ያን ቅዳሜ ግን፣ ከክምሩ ጀርባ ሆኜ፣ እኔም ወደ መስኮቱ ቀና ብዬ አይቻለሁ።

መጋረጃው ተገልጧል። ከመስታወቱ ጀርባ እኔ የለበስኩትን ዓይነት ግራጫ ሹራብ፣ እጅጌው ልክ እንደኔ እስከ ክርኑ ተጠቅልሎ። ፊቱ ላይ ፀሐይ አንጸባርቋል፣ አይታይም። እጁ ግን ይታያል። ያረጀ እጅ። ለቬንላ ይወዛወዛል።

ቬንላ መንገዱን ታጥፋ ከዓይን ጠፋች።

መንገዱ ባዶ ሆነ።

እጁ አላቆመም።