ማንም ያልመረጠው ግራር

ለአዋሽ ጣቢያ ሕዝብ በሙሉ ሊታወቅ የሚገባው፣ ሚያዝያ አሥራ ሁለት ቀን 1959 ዓ.ም. ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት፣ ቲኬት ቆራጩ አቶ በላይ ጢማቸውን ተላጩ።

ምክንያቱ ልጃቸው አስረሳሽ ናት። ከይገዙ፣ ከመልካ ወረር የጥጥ እርሻ ጸሐፊ ጋር ቃል ታስሮላታል፤ ሠርጉም ለዳግማዊ ትንሣኤ ተቆርጧል። ዛሬ ለዘመድ የሚላክ ፎቶ ይነሳሉ።

አስረሳሽ ሌላ እንደምትወድ በጣቢያው የማያውቅ አልነበረም። ስለዚህ ሁሉም እንዳላወቀ ሆኖ ይኖር ነበር። የምትወደው ከድሩ፣ የፎቶ ቤቱን የጀርባ ሸራዎች የሚሥለው፣ ጁምዓ መስጊድ ይሄዳል፤ እሷ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች። በመካከላቸው ያለችው ቅዳሜ ብቻ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ግን ያቺን አንዲት ቀን መሻገር አልቻሉም።

ባለ ፎቶ ቤቱ ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ሸራዎቹን አሳዩ፦ አንዱ ላይ አውሮፕላን፣ አንዱ ላይ ባለ ፎቅ ቤት። «ሰው ሥዕል ሲመርጥ ኑሮውን ነው የሚመርጠው» አሉ።

ሃያ ሁለት ዓመት ከባቡር ሥር ያልጠፉት አቶ በላይ፣ «አውሮፕላኑ ይሁን!» አሉ።

አንድ ክፍል ቆርቆሮ ቤት የሚኖረው ይገዙ ባለ ፎቁን ቤት አየና፣ «ደረጃው ያምራል» አለ በቀስታ። ደግ ሰው ነው። አስረሳሽን የጨረሳትም ይኸው ደግነቱ ነበር፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ትጠላው ነበር።

«እርስዎስ፣ እህቴ?» አለ ከድሩ፣ ስሟን ሰምቶ እንደማያውቅ።

ጥግ ወደተጠቀለለው ሸራ ጠቆመች። ሲዘረጋ፣ ጠፍ መሬት ላይ የቆመ አንድ ግራር። እሷና ከድሩ ባቡር ዘግይቶ መጀመሪያ የተያዩት ከእውነተኛው ዛፍ ሥር ተጠልለው ነው።

«ይህንንማ ማንም መርጦት አያውቅም» አሉ ጋሽ ሀብተ ሥላሴ። «ግራር ለማየት ማን ይከፍላል? በሩን ከፍቶ በነፃ ያየዋል!»

«እሾህ ፊት ሙሽራ?» አሉ አቶ በላይ።

«ኑሮዬን ምረጪ ተባልኩ፤ መረጥኩ» አለች።

«ይሁንላት፣ አባባ» አለ ይገዙ።

ሸራው መስቀያ አልነበረውም። ከድሩ ከኋላ ቆሞ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ያዘው፤ ራሱ በሣለው ዛፍ ተሸፈነ። አስረሳሽ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ይገዙ አጠገቧ ቆሞ እጇን ያዘ። የከድሩ ትንፋሽ ከሸራው ኋላ ይሰማታል። ዞር ማለት ብቻ ነበር የቀራት። አልዞረችም።

«ሙሽሪት፣ ፈገግ!» አሉ ጋሽ ሀብተ ሥላሴ።

ከንፈሯ እምቢ አለ።

«ምነው፣ ጥርስ የላትም እንዴ?»

«ዓይናፋር ናት» አሉ አባቷ። «ወንድ ፊት ስቃ አታውቅም።»

«ፈገግ በይ እንጂ፣ ልጄ! ፀሐዩ አመለጠኝ።»

ከሸራው ኋላ ድምፅ መጣ።

«አስረሳሽ፣ ኧረ ዛፉ ከበደኝ።»

ሳቀች። ከሆዷ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ሳቁ መሃል ላይ ልቅሶ ሆነ፤ ማቆም አቃታት።

አቶ በላይ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ጋሽ ሀብተ ሥላሴ የካሜራው ጥቁር ጨርቅ ውስጥ ገብተው ቀሩ።

ይገዙ የያዘውን እጅ ቀስ ብሎ ጭኗ ላይ መለሰላት። ኮሌታውን አስተካከለ። ከዚያ ወደ ሸራው ኋላ ዞረ።

«በአንድ በኩል ልያዝልህ» ሲለው ሁሉም ሰሙ።