ግዝቱ ከመውጣቱ በፊት

«ከጀሚላ በቀር ማንም አልገባም ያልሽው እውነት ነው አይደል?» አለች በለጥሻቸው ነጠላዋን እያጣፋች።

ልጇ ውባንቺ ከባንኮኒው ጀርባ ቆማ አቡጀዲ ታጥፋለች። ያጠፈችውን ፈታ እንደገና ማጠፍ ጀመረች። «እህ» አለች።

«እህ ምንድን ነው? አባ ገብረ ኢየሱስ ሊገዝቱ ሲመጡም እንዲህ ልትይ ነው? ለነገሩ አንቺ ቆራቢ ነሽ፣ አትዋሺም። ሰፈሩ ሁሉ ያንቺን ቃል ነው የያዘው።»

ይኸው ነው እንግዲህ ጣጣው።

የጠፋው ቀዩ የከፋይ ጨርቅ ነው። ለራጉኤል ንግሥ የታቦቱ ጥላ እንዲሰፋበት ማኅበርተኞቹ ገዝተው እነ ውባንቺ ሱቅ፣ ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ያለው መደርደሪያ ላይ አስቀምጠውት ነበር። ጳጉሜ ሲገባ ከቦታው ጠፋ። የዚያን ቀን ሱቁን እንድትጠብቅ የተተወችው ውባንቺ ናት። እሷ ደግሞ አዲስ የዘፈን ሸክላ መጥቷል ሲባል አላስቻላትም። በሩን ገርበብ አድርጋ ሄደችና ሸክላ ቤቱ ደጃፍ ከሰው ጋር ተኮልኩላ ዘፈኑ እስኪያልቅ፣ ከዚያም ደግሞ እስኪደገም ስታዳምጥ ቆየች።

እናቷ ማን ገባ ብላ ስታፋጥጣት ሱቁን ጥዬ ሄጄ ነበር ማለት አስፈራት። ጠዋት ጀሚላ መርፌ ልትዋስ ገብታለች፤ ይህ እውነት ነው። ስለዚህ «ከጀሚላ በቀር ማንም አልገባም» አለች። በቃ፣ ያለችው ይህንኑ ነው።

የጀሚላ አባት ጋሼ ጠይብ የወሎ ሰው ናቸው። የስፌት መኪናቸውን የሚዘረጉት እዚያው ሱቁ በረንዳ ላይ ነው፤ ውባንቺ ትምህርት ቤት የገባችበትን ልብስ የሰፉላትም እሳቸው ናቸው። ወሬው በወጣ ማግስት ደንበኞቻቸው ያልተሰፋ ጨርቃቸውን እየለቀሙ ሄዱ። ከዚያ አንድ ሰው አግዳሚ ወንበራቸውን ጎርፍ ውስጥ ወረወረው። ዛሬ ጠዋት የገበያው ተሸካሚዎች «የታቦት ዕቃ የነካ እጅ» እያሉ ጮክ ብለው ሲያወሩ ማንም አልገሠጻቸውም። እንዲህ ያለው ወሬ መጨረሻው ምን እንደሆነ ውባንቺ አታውቅም። ጋሼ ጠይብ ግን የሚያውቁ ይመስላሉ፤ ልጃቸውን ብቻዋን ቧንቧ እንኳ መላክ ትተዋል።

«ውቤ፣ ነይማ» አለች ጀሚላ ከበሩ። ውባንቺ ወጣች። ዝናቡ ሊጥል ሰማዩ ጠቁሯል።

«ሰዉ አንቺ ነሽ ያልሽው ይላል» አለች ጀሚላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ፣ አቦ አትቀባጥሩ፣ ውቤ እንዲህ አትልም አልኳቸው። ወላሂ ብዬ ማልኩላቸው።»

ውባንቺ ፊቷን ወደ ጎዳናው አዞረች። «ለምን ማልሽ?»

«አንቺ ደግሞ፣ አውቅሽ የለ? አባቴ ዕቃ እየሸከፈ ነው። ሰዉ ሳይነሳብን ደሴ እንግባ ይላል።»

ይህን እንዳለች ማኅበርተኞቹ ከራጉኤል በኩል ሲመጡ ታዩ። አባ ገብረ ኢየሱስ፣ የእነ ውባንቺ የንስሐ አባት፣ ከፊት ናቸው። ከፋዩን የወሰደውን ሰው በግዝት እንዲያወጡላቸው የለመናቸው ማኅበሩ ነው። ከየሱቁ ሰው ወጥቶ በረንዳውን ከበበው። ጋሼ ጠይብ ከስፌት መኪናቸው አልተነሡም፤ እጃቸው ግን ቆሟል።

ካህኑ መስቀላቸውን አወጡ። «የወሰደ፣ ሲወሰድ አይቶ የደበቀ፣ በሰውም ላይ በሐሰት የተናገረ፣ እንደ አርዮስ የተወገዘ ይሁን ብዬ ልገዝት ነው። ግዝት ከወጣ በኋላ ምነው ባይወጣ ቢሉት አይሆንም፤ ሰው ላይ ያርፋል። የሚናገር ካለ አሁን ይናገር።»

 ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ።

በለጥሻቸው ወደ ፊት ወጣች። «አባ፣ ልጄ የምታውቀውን ተናግራለች። ቃሏ ሐሰት ከሆነ ግዝቱ በእኔ ላይ ይሁን።»

ውባንቺ የእናቷን ነጠላ ጎተተች፤ ዘገየች። አባ ገብረ ኢየሱስ ቅር ብሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቢሆንም መስቀሉን ከፍ አደረጉ። «በአብ፣ በወልድ...»

«አባ፣ ይቆዩኝ።»

ሁሉም ዞሮ አያት። እናቷ «ምነው?» አለች፣ ፊቷ ተለዋውጦ። ካህኑ መስቀሉን እንደያዙ ጠበቁ። እንደ ንስሐ ጠጋ ብሎ ለእሳቸው ብቻ መንገር ይቀል ነበር። ውባንቺ ግን በሰዉ መሐል አልፋ ጀሚላ ፊት ቆመች። ጀሚላ ልትመሰክርልኝ መጣች ብላ ፈገግ አለችላት።

«በከንቱ ነው የማልሽልኝ» አለች ውባንቺ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ። «እኔ ነኝ ያልኩት። ሱቁን ክፍት ጥዬ ሸክላ ቤት ነበርኩ።»