ስልሳ አንድ ቁጥር

«አንቺ ቁጭ በይ የኔ ቆንጆ፣ የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው» አለች የመታወቂያ መስኮቷ ሠራተኛ፣ ቅጹን ከልጅቷ እጅ ወስዳ ወደ አክስቷ እየገፋች።

ልጅቷ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች። አስራ ስድስት ዓመት የሞላት ማክሰኞ ነው። ለመጀመሪያ መታወቂያዋ የሚሆን ፊርማ ስትመርጥ የደብተሯን የኋላ ገጾች ጨርሳለች። ሁሉን ነገር ካላጣራች ስለማታልፍ የክፍል ልጆች «ኦዲተሯ» ይሏታል።

«ግድግዳው ላይ የተለጠፈው መመሪያ፣ ተራ ቁጥር ሰባት፣ ሞግዚት የሚፈርመው መፈረም ለማይችል ሰው ነው ይላል» አለች። «እኔ እችላለሁ።»

ሠራተኛዋ መልሱን የሰጠችው ለአክስቷ ነው። «የሐኪሙ ወረቀት ኦቲዝም ይላል አይደል? አሠራራችን እንዲህ ነው። መታወቂያዋ ላይ በሞግዚት ሥር ተብሎ ይጻፋል። ሲም ካርድ ስታወጣም፣ አድጋ ለምርጫ ስትመዘገብም የሚፈርሙላት እርስዎ ነዎት።»

የአክስቷ ፊት ልውጥ አለ። ወረቀቱን ያወጣችው እሷ ናት። አዳራሹ በጩኸት ሲናጥ ልጅቷ ጆሮዋን ስትይዝ አይታ አንጀቷ አልችል ቢላት፣ ወረቀቱን አሳይታ ወረፋውን አስዘለለቻት።

«እንዳትሰቃዪ ብዬ እኮ ነው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አሁን ልፈርምና እንሂድ፤ የሚሰፋ ልብስ ተቆልሎብኛል። ቤት እንነጋገራለን።»

አክስቷ እንደምትወዳት ልጅቷ ታውቃለች። ሠራተኛዋም ክፉ አልመሰለቻትም፤ ከረሜላ ሁሉ ሰጥታታለች፣ ለአስራ ስድስት ዓመት ልጅ። ግን ሁሉም ስለ እሷ ሲያወራ ከእሷ ጋር የሚያወራ አንድም ሰው አልነበረም። ሆድ ባሳት።

ቅጹን ከአክስቷ እጅ ቀስ ብላ ወሰደች። በሩ አጠገብ ካለው ማሽን የወረፋ ቁጥር ቆርጣ ተመለሰች።

«ስልሳ አንድ?» አለች አክስቷ። «በዚህ ጩኸት? ደርሶሽስ ያንኑ ቢሉሽ?»

«እንደ ሰው ሁሉ ወረፋዬን ጠብቄ መስኮቱ ጋ እቀርባለሁ። ወረቀቱንም አሳያቸዋለሁ። የምፈርመው ግን እኔ ነኝ። አንቺ ሥራሽ ይጠብቅሻል፣ ሂጂ።»

አክስቷ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አነገተች። ከዚያ የሐኪሙን ወረቀት አቀብላት፣ ዞር ዞር እያለች ወጣች።

የወረፋ ሰሌዳው ላይ ገና አስራ አራት ይላል። ልጅቷ ሻርፗን ጆሮዋ ላይ ጠምጥማ አግዳሚ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እስክሪብቶዋን ወደ ቦርሳዋ አልመለሰችውም።