በር ከፍቶ የሚጠብቅ ባቄላ

ማርስ ላይ ባቄላ ይናገራል። ይሄ ለትርንጎ ብርቅ አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት ማድመጫውን ሥሩ ላይ ሰክታ፣ ሲል ያደረውን ማንበብ ሥራዋ ነው። ተክል አፍ የለውማ! ሴሎቹ የሚላላኩት በፔፕታይድ፣ ማለትም በአጫጭር የፕሮቲን ቁርጥራጮች ነው፤ መሣሪያው እነሱን ወደ ቃል ይመልሳል።

ሦስት ወር ሙሉ ታዲያ ያው አንድ ቃል ነው፤ «ግቡ!»

የሚጠራው ባክቴሪያዎቹን ነው። ምድር ላይ ሥሩ ውስጥ ገብተው፣ ናይትሮጅን ከአየር ወስደው ይመግቡታል። እንዲገቡለት የሴሎቹን ግድግዳ ያላላላቸዋል። የማርስ አፈር ግን ምንም ነፍስ የለበትም፤ ማን ይምጣለት? ምስኪን፣ እንደላላ ይጠብቃል፤ ሥሩ ልፍስፍስ ብሎ ይወድቃል። አንጀት ይበላል።

«በቃ ዝጊው» አሉ የእርሻው ኃላፊ አቶ ጓንጉል። «የመዝጊያውን ፔፕታይድ አጠጪውና ግድግዳው ይጠንክር። በማዳበሪያ ውሃ ይኖራል።»

«ዘሩም መጥራት ይረሳል እኮ፣ ጋሼ።»

«ይርሳ! ማን ሊመጣለት ነው?»

የሚመጡለትን ባክቴሪያዎች ትርንጎ ራሷ አቃጥላቸዋለች። አባቷ አቶ ዘገዬ የመንዝ ገበሬ ናቸው፤ አዲስ ማሳ ላይ ባቄላ ሲዘሩ፣ ከድሮው ማሳ አንድ እፍኝ አፈር ሳይበትኑ አይጀምሩም። ወደ ማርስ ሲሸኟት ያንኑ አፈር በጨርቅ ቋጥረው ሰጧት። እሷ የተማረችው፣ እሷ አዋቂዋ፣ ማንም ሳያዛት ጀርም አለበት ብላ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። አራት ዓመት ሙሉ አባቷ መልእክት በላኩ ቁጥር «አፈሩን በተንሽው ወይ?» ይሏታል፤ እሷም «አዎ» ትላለች። ናፍቆቱ ሳያንሳት ውሸቱ ተጨምሮ እንቅልፍ ነሥቷታል።

መዝጊያውን አጠጣች። ባቄላው ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ዝምም አለ። አንዱን ግን ሳታጠጣ ከካስማ ጋር በክር አሰረችው።

«ይሄስ?» አሉ አቶ ጓንጉል።

«እሱ ይጥራ። እስኪመጡለት እኔ እደግፈዋለሁ።»

ከዚያ ማይክሮፎኑን አነሳች። «አባዬ፣ ዋሽቼሃለሁ። አፈሩን አቃጥዬዋለሁ። ሌላ ላክልኝ።»

መልእክት ምድር ለመድረስ ሃያ ደቂቃ፣ ለመመለስም ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ባቄላው ሥር ቁጭ ብላ ጠበቀች።

«አውቄያለሁ እኮ ልጄ» አሉ አባቷ። «በትነሽው ቢሆን ኖሮ፣ ሳልጠይቅሽ ስለ ባቄላው ታወሪኝ ነበር። በየዓመቱ አንድ አንድ እፍኝ አስቀምጬልሻለሁ፤ አራት ቋጠሮ ሆኗል። እስክትጠይቂኝ ነው የጠበቅሁት።»

ትርንጎ አለቀሰች። ለካስ አባቷም አራት ዓመት ሙሉ በር ከፍተው ሲጠሯት ኖረዋል፤ የሰማቻቸው ገና ዛሬ ነው።