የዬርኮ አባት ላይ ነው

«ጸጥታ!» አሉ ቲቸር ሱሌማ የሙዚየሙ ደረጃ ላይ ቆመው። አዋጅ እንደሚያነብ ሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሽንት ቤቱ በስተግራ ነው።»

ተማሪዎቹ በአክብሮት አዳመጡ። አይሊን ግን የምታየው ዬርኮን ነበር። ከመስታወቱ በር ጀርባ ባለው ትልቅ ስክሪን ላይ ዓይኑን ተክሎ ፀጉሩን በምራቁ ያስተኛል።

በከተማቸው በባኬዳኖ «አባትህ የት ነው?» ሲባል «ላይ ነው» ማለት ፈረቃ ገብቷል ማለት ነው፤ ወይ ማዕድን ማውጫው ጋ፣ ወይ ቴሌስኮፖቹ ያሉበት ተራራ። የከተማው ግማሽ ሁሌም ላይ ነው። የዬርኮ አባት ተራራው ላይ መካኒክ ነበር። ባለፈው ዓመት ከፈረቃ ሲመለስ መኪናው ከከተማው ውጭ መታጠፊያው ጋ ተገልብጦ ሞተ። ከቀብሩ በኋላ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ረስቶ «አባትህ ደህና ነው?» ቢለው፣ ዬርኮ «ላይ ነው» አለ። ማንም አላረመውም። ከዚያ ወዲህ ክፍሉ በሙሉ፣ ቲቸርም ጭምር፣ «መቼ ነው የሚወርደው?» ይሉታል። ደግነት መስሏቸው ነው። አይሊንም የልብ ጓደኛው ስለሆነች ከሁሉም አብልጣ ትላለች።

ስክሪኑ ያለበት ክፍል ጨለማ ነበር። «አሁን በቀጥታ ከተራራው ጋር ተገናኝተናል» አለ አስጎብኚው። «እዚያ ዘመድ ያለው አለ?»

ስክሪኑ ላይ ረጅም ኮሪደር ይታያል። ብርቱካናማ ጃኬት የለበሰ ሰው የመሣሪያ ቦርሳ አንግቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል።

«አባቴ ነው» አለ ዬርኮ።

 በሁሉ ነገር የሚያሾፈው ማይኮል እንኳ «አረማመዱ ራሱ እሱ ነው» አለ።

እውነትም ይመስል ነበር፤ ቀኝ ትከሻው እንደ አባቱ ዘመም ያለ። 

«ስሙ ማነው? አሁኑኑ አስጠራልሃለሁ» አለ አስጎብኚው።

ዬርኮ ወደ አይሊን ዞረ። ፊቱ ላይ ያየችው ልመና ቢሆን በቀለላት፤ ደስታ ነበር።

«አይጥሩት» አለች። «የሌሊት ፈረቃ ነው። ሊተኛ እየሄደ ነው።»

«ከቀሰቀሱት ደግሞ አይቻልም» አለ ማይኮል።

«እንግዲያው ይተኛ» አሉ ቲቸርና ሁሉንም ወደ ፕላኔቶቹ ነዷቸው።

ኮሪደሩ ላይ የነበረው ሰው በር ከፍቶ ገባ። በሩ ተዘጋ።

«እሁድ ሲወርድ እነግረዋለሁ» አላት ዬርኮ በጆሮዋ። «እንቅልፉን እንዳዳንሽለት።»

እስከዛሬ እያስመሰለ እንደሆነ ታውቅ ነበር። አሁን ግን እርግጠኛ አልሆነችም።

ጠዋት ሲመጡ ጭጋጉ መንገዱን ውጦት ነበር። ሲመለሱ ግን በረሃው ወለል ብሏል። አውቶቡሱን የሚነዳው ሰው ለዕለቱ የተቀጠረ የደቡብ ሰው ስለሆነ ማንንም አያውቅም። መታጠፊያው ጋ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ለነፍስ የተሠራች ሰማያዊ ትንሽ ቤት አለች። ሰው መንገድ ላይ ሲሞት ቤተሰቡ እንዲህ ይሠራለታል፤ አላፊው ክላክስ ነፍቶ ያማትባል። ሾፌሩም እንደ ማንኛውም ጨዋ ሾፌር ነፋ።

እጆች ሁሉ ተነሱ። የልጅነት ልማድ ነው፣ አይታሰብበትም። ማይኮልም፣ ቲቸርም፣ ሁሉም እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። ከዚያ ቤቷ የማን እንደሆነች ትዝ አላቸው።

እጆቹ እዚያው ግንባር ላይ ቀሩ። ማይኮል ፀጉሩን አከከ። ቲቸር የሌለ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

ዬርኮ ከወንበሩ ዞሮ አንድ በአንድ አያቸው። በመጨረሻ አይሊን ላይ ደረሰ።

አይሊን እጇን ከግንባሯ ወደ ደረቷ አወረደች፤ ከዚያ ወደ ግራ ትከሻዋ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ። ቀስ ብላ፣ እሱ እያያት።