አምስተኛው ጄሪካን

ብሌን ቅዳሜ ጠዋት ስትገደል ሃያ ሜትር እንኳ በማይርቅ ቦታ የዩኒቨርሲቲው የሴቶች ማደሪያ ብሎክ ተማሪዎች ውሃ ይቀዱ ነበር። ማንም አልሰማትም። ቧንቧው አጠገብ ሁልጊዜ ጩኸት አለ።

አስከሬኑ የተገኘው በምድር ቤቱ ኮሪደር መጨረሻ፣ የተሰባበሩ አልጋዎች በሚከማቹበት ዕቃ ክፍል ውስጥ ነው። ልጅቷ በደረቷ ተደፍታለች፤ አንድ እጇ ራሷን ለመከለል እንደተነሣ ቀርቷል፤ የእጇ ሁለት ጣቶች ተሰብረዋል። ኢንስፔክተር ደስታነሽ የሚያማትን ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ ተንበረከከችና ምቶቹን ቆጠረች። አምስት ናቸው። ሦስቱ ያረፉት ልጅቷ ከወደቀች በኋላ ነው። አጠገቧ ሰማያዊ ቀለሙ የተላላጠ የአልጋ እግር ብረት ተጥሏል፤ ጫፉ ላይ ፀጉር ተጣብቋል።

«ጉዳዩ ያለቀ ነው» አለ ሳጅን ማቴዎስ ከበሩ ላይ ሆኖ። «የዚህ ክፍል ቁልፍ ሁለት ነው። አንዱ የማደሪያው ተቆጣጣሪ ፕሮክተሯ ጋ፣ አንዱ የምድር ቤቱ ተማሪዎች ተጠሪ ጋ። በሩ ላይ ተሰክቶ የተገኘው የተጠሪዋ ነው። አስከሬኑን ያገኘችው እሷ፣ ሻርፗ ደም የነካው እሷ፣ ከቧንቧው ሁለት ጊዜ ተነሥታ ወደ ውስጥ የገባችው እሷ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ናት፤ ሩዋይዳ ትባላለች።»

«የት አለች?»

«መኪና ውስጥ። በካቴና።»

«ፍታላት።»

«አዛዡ እስከ አሥር ሰዓት ተጠርጣሪ ይቅረብልኝ ብለዋል፤ ሌላ ሰው ከሌለ—»

«እስከ አሥር ሰዓት ጊዜ አለን ማለት ነው። ፍታላትና አምጣት።»

ሳጅኑ ሲወጣ ኢንስፔክተሯ የሟቿን ልብስ ከአንገቷ በኩል ገለጥ አደረገች። ትከሻዋ ላይ የቀበቶ ዘለበት ቅርጽ ያላቸው ሰምበሮች ተደራርበዋል። አንዳንዶቹ ገና እንደበለዙ ናቸው፤ ሌሎቹ ቢጫ ሆነዋል። ይህን ያደረገ እጅ ዛሬ አልጀመረም።

ሩዋይዳ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አባቷ ቡታጅራ ላይ ጨርቅ ይነግዳሉ። የምድር ቤቱ ተጠሪ ሆና ከተመረጠች ስድስት ሳምንት ሆኗታል፤ የጽዳት ተራ ታወጣለች፣ የተቃጠለ አምፖል ታስቀይራለች፣ የውሃ ወረፋ ትጽፋለች። በሁለተኛው ሳምንት ቧንቧው ላይ በጣሳ የሚፈነካከቱ ሁለት ልጆች መሀል ገብታ ቅንድቧ ተሰንጥቋል፤ ጠባሳው ገና ቀይ ነው።

«ቁልፍሽ በሩ ላይ ምን ይሠራል?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ውሃ ሲቀዳ ኮሪደሩ ላይ ያለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነው የምሰቅለው። መጥረጊያው እዚያ ክፍል ስለሆነ ጽዳት ተረኞች እንዲያገኙት። ማንም ያነሣዋል።»

«ሁለት ጊዜ ወደ ውስጥ የገባሽውስ?»

«አንዴ እስክሪብቶ ላመጣ። ሁለተኛው ብሌንን ፍለጋ ነው። ተራዋ አሥራ አንደኛ ነበር። ለአምስት ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ጠራኋት፤ አልመጣችም። ዶርሟ የለችም። ከዚያ ቁልፉን በሩ ላይ አየሁት።» መዳፎቿን ተመለከተች። «ራሷን ቀና ላደርጋት ነበር።»

«ትከሻዋ ላይ ያለውን ታውቂዋለሽ?»

እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም።

«ሐሙስ አሳየችኝ። ‹ሲኒየር ናት› አለችኝ እንጂ ስሟን አልነገረችኝም። ፍሬሽማኖቹን ውሃ ታስቀዳቸዋለች፣ ልብሷን ታሳጥባቸዋለች፣ እምቢ ያለችዋን በቀበቶ ትገርፋለች። ቅዳሜ ስሟን ጽፌ ፈርሜ እሰጥሻለሁ አለች። እኔ ነኝ ፈርሚ ያልኳት። ከፈረምሽ ማንም አይነካሽም አልኳት።»

«ይህን ለማን ነገርሽ?»

«እንደ ደንቡ ነው ያደረግሁት። ለተጠሪዎች ሥልጠና ሲሰጡን፣ አቤቱታ ሲመጣ ለብሎክ ተጠሪዋና ለፕሮክተሯ አሳውቁ ብለውናል። ትናንት ለሁለቱም ነገርኳቸው። ብሌን ነገ ስም ልትጽፍ ነው አልኩ።» ድምጿ ወረደ። «ኢንስፔክተር፣ ለአባቴ ደውላችኋል?»

«ገና ነው።»

«እስከ አሥር ሰዓት አትደውሉ። እባክዎ።»

ፕሮክተሯ ወይዘሮ ሙሉጌጥ ተማሪዎቹ «ማዘር» የሚሏቸው፣ ሃምሳ ዓመት የተጠጋቸው ሴት ናቸው። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ከጥበቃው ጋር በር ላይ ነበሩ፤ ጥበቃውም መሰከረ።

«ጥል ከፈለጉ እህተማርያምን ይጠይቋት» አሉ። «የሟች የዶርም ጓደኛ ናት። ትናንት ክንዷን ነክሳታለች። እኔ ነኝ ያላቀቅኋቸው፤ ጥርሷን ማስለቀቅ አቅቶኝ ነበር።»

«የብሎክ ተጠሪዋስ?»

«ሳያት የምትባለዋ? እሷማ አራተኛ ዓመት ናት፤ ሰኔ ላይ ትመረቃለች። እንደ ልጄ ነው የማያት። ከአራት ሰዓት ጀምሮ እኔ ጋ በር ላይ ቆማ ስታወራኝ ነበር፤ ሩዋይዳ አስከሬኑን አግኝታ ስትጮህ አብረን ነው የሰማነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ውሃ ወረፋ ላይ ነበረች።»

እህተማርያም ቀጭን፣ ትከሻዋ የጎበጠ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ናት። ስትናገር በሩን ታያለች።

«ብሌንን መጨረሻ መቼ አየሻት?»

«ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ። ጄሪካኗን አስቀምጣ ወደ ውስጥ ገባች።»

«አንቺስ?»

«ወረፋ ላይ ነበርኩ። አራተኛ። ከጎኔ የነበሩትን ይጠይቋቸው።»

«ከኋላሽ ማን ነበረች?»

«ሳያት። አምስተኛ።»

«ትናንት ብሌንን ለምን ነከስሻት?»

«አብረን እንፈርም አለችኝ። አልፈርምም ስላት እጄን ይዛ ልትጎትተኝ…»

ኢንስፔክተሯ የልጅቷን እጅ አንሥታ መዳፏን ገለበጠችው። ከጣቶቿ ሥር የደደረ ቆዳ ተደርድሯል።

«ስንት ጄሪካን ነው የምትሸከሚው?»

«ሁለት። አንዳንዴ ሦስት።»

«ለአንድ ሰው?»

እህተማርያም እጇን መለሰች። በሩን አየች።

የሳያት ዶርም ንጹሕ ነው። መጻሕፍቷ እንደ ቁመታቸው ተደርድረዋል። ከአልጋው ራስጌ አንድ ግራጫ ሹራብ ተሰቅሎ ሳፋ ላይ ያንጠባጥባል። ውጭ ፀሐዩ ይፋጃል፤ የብሎኩ ልብስ ሁሉ አጥሩ ላይ ተሰጥቷል።

«ይቀመጡ እናቴ፤ ጉልበትዎን ያምዎታል መሰለኝ» አለች ሳያት ወንበር እየሳበች። ቀኝ እጇ በፋሻ ታስሯል።

«ዐይንሽ ጥሩ ነው። እጅሽን ምን አገኘው?»

«የጄሪካን እጀታ ነው። ሃያ ሊትር ከቧንቧው እዚህ ድረስ ተሸክመው ያውቃሉ?» ፈገግ አለች። «ውሃችንን የምንጠጣው በደማችን ነው።»

«ዛሬ ነው የቆረጠሽ?»

«አዎ፤ ወደ አራት ሰዓት ገደማ፣ ሞልቼ ስመለስ።»

«እኔም ታቦር ተራራ ሥር ሳድግ ተሸክሜያለሁ» አለች ኢንስፔክተሯ። በሩ ሥር የተቀመጠውን ቢጫ ጄሪካን ለማንሣት ጎንበስ አለች። ግማሽ ነው። እጀታው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ በጥንቃቄ ተጠምጥሞ በክር ተሰፍቷል። አነሣችው፤ ክብደቱን መዝና መልሳ አስቀመጠችው።

«ይህ ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው። ቅዳሜ አይደል፣ ልብስ አጠብኩበት።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሩዋይዳን አትጨክኑባት። እንድትመረጥ የገፋኋት እኔ ነኝ። ልጅ ናት፤ ኃላፊነቱ ከበዳት። ሰው ሲበዛባት ትቆጣለች።»

ኢንስፔክተሯ አመስግና ወጣች።

ከብሎኩ ጀርባ ያለው ግቢ ባዶ ነበር። አስከሬኑ ከተገኘ ጀምሮ ውሃ የቀዳ የለም። ጣሪያው ላይ አንድ አባ ኮዳ፣ መላጣው ትልቅ ወፍ፣ ቆሞ ቁልቁል ያያል። ከቧንቧው ጀምሮ እስከ አጥሩ ድረስ ጄሪካኖች በአንድ መስመር ተደርድረዋል።

ከላይኛው ፎቅ መስኮት አንዲት ልጅ ብቅ አለች። «ስንት ሰው አለ?» ብላ ወደ ታች ጮኸች።

ከምድር ቤቱ ሌላዋ መለሰችላት፤ «ሃያ ሰው አለ።»

ኢንስፔክተር ደስታነሽ ባለችበት ቆመች። ጄሪካኖቹን አንድ በአንድ ቆጠረች። ከዚያ ሩዋይዳ የጻፈችውን የወረፋ ዝርዝር ከኪሷ አውጥታ ቧንቧው ሥር የነበረውን፣ የመጀመሪያውን ጄሪካን አየችው። ላዩ ላይ በማርከር «ብሌን» ተብሎ ተጽፏል።

«ማቴዎስ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ስንት ሰው ይታይሃል?»

«እርስዎና እኔ።»

«ሃያ ነን ይላሉ። አንዷ ደግሞ ሞታለች» አለች። «በዘጠኝ ሰዓት ሁሉንም ቴሌቪዥን ክፍል ሰብስብልኝ።»

በዘጠኝ ሰዓት ክፍሉ ሞላ። ወይዘሮ ሙሉጌጥ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ሳያት ከጎናቸው። እህተማርያም ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ሩዋይዳ ደም የነካው ሻርፗ በፖሊስ ስለተወሰደባት የሰው ሻርፕ ተከናንባለች፤ ከሳጅኑ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ሌሎቹ እሷን እንዳይነኩ ቦታ ትተውላታል።

ኢንስፔክተሯ አልተቀመጠችም።

«ብሌን ዛሬ የአንዲት ሴት ስም ልትጽፍ ነበር» ብላ ጀመረች። «ደብተሯን አይቻለሁ፤ መጨረሻው ገጽ ተቀድዷል። ስለዚህ ጽፋለች። ገዳይዋ ብሌን እንደምትጽፍ ታውቅ ነበር። ያወቁት ደግሞ ሩዋይዳ፣ ወይዘሮ ሙሉጌጥ፣ ሳያትና ትፈርም ዘንድ የተለመነችው እህተማርያም ናቸው። ወይዘሮ ሙሉጌጥን ጥበቃው አይቷቸዋል። እህተማርያም ወረፋ ላይ ነበረች፤ ግራና ቀኝ የቆሙት አይተዋታል። ሳያትስ?»

«ወረፋ ላይ ነበረች» አሉ ሁለት ሦስት ድምፆች።

«አምስተኛ» አለች ሩዋይዳ ሳታስብ።

«ማን አያት?»

ልጆቹ ጥያቄው እንዳልገባቸው ሁሉ እርስ በርስ ተያዩ።

«ወረፋ ላይ ነበረች ያላችሁኝ አልዋሻችሁም» አለች ኢንስፔክተሯ። «እዚህ ብሎክ ጄሪካኗ የቆመላት ራሷ እንደቆመች ትቆጠራለች። ብሌንም እኮ ስትገደል ወረፋ ላይ ነበረች፤ አሥራ አንደኛ። አሁንም ሃያ ሰው አለ ስትሉ እሷን ቆጥራችኋታል። እህተማርያም፣ አምስተኛውን ጄሪካን በእግሩ እየገፋ ያስጠጋው ማን ነው?»

እህተማርያም ከግድግዳው ቀና አለች። «እኔ።»

«የሞላውስ?»

«እኔ።»

«የተሸከመውስ?»

ሳያት ዞር ብላ አየቻት። እህተማርያም ዐይኗን ጨፈነች።

«እኔ ነኝ። ሁልጊዜም እኔ ነኝ። አራት ሰዓት ሊሆን ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው ነው የወሰድኩት። በሯ ዝግ ነበር፤ ደጃፉ ላይ አስቀመጥኩት።»

«ታዲያ ሳያት፣ ያልተሸከምሽው ጄሪካን እንዴት ቆረጠሽ?»

«ደጃፉ ላይ ነበር እኮ» አለች ሳያት ሳትቸኩል። «ወደ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ያኔ ቆረጠኝ።»

«እጀታው ምን ዓይነት ነው?»

«ምን ዓይነት ይሆናል? ስለታም ፕላስቲክ።»

ኢንስፔክተሯ ለሳጅኑ ምልክት ሰጠች፤ ጄሪካኑን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አረንጓዴው ጨርቅ ለሁሉም ታየ።

«ከሁለት ሳምንት በፊት የጠመጠምኩት እኔ ነኝ» አለች እህተማርያም በጣም ቀስ ብላ። «እጄን እየላጠኝ ስለነበረ።»

«ሁለት ሳምንት» አለች ኢንስፔክተሯ። «አንቺ ግን፣ ሳያት፣ ዛሬም አላወቅሽም። በእግርሽ ገፋ አድርገሽ አስገባሽው፤ ውሃውን ሳፋ ላይ ስትገለብጪም ልብሽ ሌላ ቦታ ነበር። እጅሽን የቆረጠው ዝገት የበላው የአልጋ ብረት ነው። ሹራቡንም ለፀሐይ ያላወጣሽው ሰው እንዳያየው ነው፤ ምርመራው ቀሪውን ይነግረናል። ፋሻውን ፍቺው።»

«አልፈታም።»

ወይዘሮ ሙሉጌጥ የሳያትን እጅ ያዙ። ልትነጥቃቸው ስትሞክር አልለቀቁም። ፋሻው ተተረተረ። መዳፏ ላይ የተጋደመው ቁስል ጠርዝ ውስጥ የሰማያዊ ቀለም ፍርፋሪ ገብቶ ቀርቷል።

«ልጄ» አሉ ወይዘሮ ሙሉጌጥ።

ሳያት ተስፈንጥራ ተነሣች። ሳጅን ማቴዎስ በሩን ሲዘጋ እሷ ግን ወደ በሩ አልሄደችም። መምታት እንደለመደ ሰው ሦስት እርምጃ ተራምዳ እህተማርያምን በጥፊ አጮለቻት፤ የልጅቷ ራስ ግድግዳውን መታ፤ ከአፍንጫዋ ደም ፈሰሰ። ሁለተኛውን ስታነሣ ሩዋይዳ ከወለሉ ተነሥታ ክንዷ ላይ ተንጠለጠለች። ሳያት በክርኗ አፏን መታቻት፤ ሩዋይዳ አልለቀቀችም። ሳጅኑ ደርሶ ሁለቱን እጆቿን ወደ ኋላ እስኪጠመዝዝ ድረስ አልለቀቀችም።

በክፍሉ ውስጥ ካሉት ልጆች ስድስት ሰባት የሚሆኑት ጥፊው ሲሰማ ፊታቸውን በክንዳቸው ከልለዋል። ኢንስፔክተሯ ማንነታቸውን አንድ በአንድ በልቧ ያዘች።

«ሦስት ወር ነበር የቀረኝ» አለች ሳያት እያለከለከች። «እለምንሻለሁ አልኳት። እግሯ ላይ ልወድቅ ነበር። ጽፌዋለሁ አለችኝ። እኔም ፍሬሽማን ሆኜ ተገርፌያለሁ፤ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ውሃ ተሸክሜያለሁ። ለኔ ማን ፈረመ?»

ወሰዷት።

ሩዋይዳ የተሰነጠቀ ከንፈሯን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ለሳያት ባልነግራት ኖሮ ብሌን አትሞትም ነበር» አለች።

«ምናልባት» አለች ኢንስፔክተር ደስታነሽ። ልታጽናናት አልሞከረችም። ከቦርሳዋ ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ ከጄሪካኑ አጠገብ አኖረች። «ብሌን የጻፈችው ገጽ የለም። ፍርድ ቤት ለምን ተገደለች ብሎ ይጠይቀኛል። ስለ ቀበቶው ቃል የሚሰጥልኝ አለ?»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር።

ሩዋይዳ ሄዳ እስክሪብቶውን አነሣች። የሰማችውን፣ ለማን እንደነገረችና በስንት ሰዓት እንደነገረች ጻፈች፤ ሙሉ ስሟን አስፍራ ፈረመች። ቀና ስትል እህተማርያም አፍንጫዋን በጨርቅ ይዛ ከኋላዋ ቆማለች። ከእህተማርያም ኋላ ሌላ ልጅ ቆመች። ቀስ በቀስ ሰልፉ ከጠረጴዛው እስከ በሩ ደረሰ።

ከመጨረሻዎቹ አንዷ ወደ ፊት ተጣርታ፣ «ሩዋይዳ፣ ዕቃዬን አስገብቼ ልምጣ፤ ወረፋዬን ያዢልኝ» አለች።

ሩዋይዳ እስክሪብቶውን ለተረኛዋ አቀበለች።

«እዚህ ወረፋ ላይ ጄሪካን አይቆምም» አለች። «ራስሽ ቁሚ።»

ልጅቷ ትንሽ አመነታች። ከዚያ በነበረችበት ቆመች።