ዶሮዋ የበላችው ክኒን

ዶሮዋ ክኒኑን ስትለቅመው ትሁን ዓይኗን አላመነችም። ነጭ፣ ክብ፣ መሃሉ ላይ መስመር ያለው። ጌሾው ሥር ወድቆ ነበር። ዶሮዋ ጠቅ አድርጋ ዋጠችውና «ሌላ የለም?» በሚል ዓይን አየቻት።

ክኒኑ ከአባቷ ከቄስ መዝገቡ ሁለት ክኒኖች አንዱ ነው። ዛሬ ማለዳ፣ ገና ጭጋጉ ከጉና ተራራ ሳይገፈፍ፣ ትሁን ራሷ ናት በእጇ የሰጠቻቸው። አፋቸው ውስጥ ከተው፣ «እግዜር ይስጥሽ ልጄ» ብለው ወደ ጓሮ ወጡ። ለካስ ለዚህ ነው!

«አባባ! ተፉት እንዴ?»

ቄስ መዝገቡ ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ ዞሩ። መጀመሪያ ዶሮዋን አዩ፣ ቀጥሎ ልጃቸውን።

«እሷም ደም ብዛት ይኖርባት ይሆናላ» አሉ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትሁን በሳቅ ትሞት ነበር። አሁን ግን ሳቁ ከየት ይምጣ? ሰኔ ላይ ሐኪም ቤት ስትወስዳቸው ኩባዊው ሐኪም ማዳመጫውን ደረታቸው ላይ አድርጎ ብዙ ቆይቶ ነበር። ልባቸው ምቷ ተዛብቷል። አንዴ ትሮጣለች፣ አንዴ ትዘላለች፣ አንዴ ቀጥ ትላለች፤ ዜማው የጠፋበት ሰው እንደሚመታው ከበሮ። በዚያ ላይ ደም ብዛት። «መድኃኒቱን ከተዉ» አለ ሐኪሙ በአስተርጓሚ፣ «ደም ልብ ውስጥ ይረጋና ወደ ጭንቅላት ይወጣል። ግማሽ አካልዎ ሽባ ይሆናል።» ከዚያ ቀን ወዲያ ወጡ ጨው አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሁለት ክኒን።

«ፍልሰታ እኮ ነው ልጄ» አሉ ቄስ መዝገቡ። «ቀዳሽ እህል ውሃ ሳይቀምስ ነው የሚገባ። ደግሞ አንደኛው ክኒን ሽንት ያስሮጣል። መቅደስ ከገባሁ በኋላ ምን ልበል? ‹ምእመናን ሆይ፣ አንዴ ጠብቁኝ› ልበል?»

«ማታ ይዋጡታ!»

«ሞከርኩት። ሌሊቱን ሙሉ ስመላለስ አድሬ ጠዋት እግሬ አልቆም አለኝ።»

ትሁን ከንፈሯን ነከሰች። ትናንት እራት ላይ ጉርሻው ከአባቷ እጅ ወድቋል። ቀኝ እጃቸው ዝም ብሎ ተዝለፈለፈ። «አንቀላፋ» አሉ፣ እንደ ቀልድ። ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ። እናቷም «ማርያም ታውቃለች» ብለው ሽሮውን አወጡ።

«እሺ አባባ፣ እጅዎ ሥጋ ወደሙ ላይ ቢያንቀላፋስ?»

ቄስ መዝገቡ ፊታቸው ተለወጠ።

«ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን ነው የቀረን» አሉ። «ሌሎቹን ልጆች ለውትድርና አፈሷቸው። አምስት ካልሞላን ቅዳሴ የለም። እኔ ከተኛሁ በፍልሰታ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘጋ ማለት ነው። ያን ጊዜ የቀበሌው ካድሬ ስቆ አይጠግብም።» ጣታቸውን ቀሰሩ። «ለሰው ብትተነፍሺ ልጄ አይደለሽም። ሰማሽ?»

ሰማች። ሰምታም ደብተራ ሰፈር ድረስ በጭቃው ሄደች።

የደብሩ አለቃ ቀለመወርቅ፣ ሁለተኛው ቄስ ማለት ናቸው፣ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግሙ ነበር። ትሁን መስቀል ተሳልማ ዝም አለች።

«ምነው፣ አፍሽን ዶሮ ወሰደው?»

ዶሮ ሲሉ እንባዋ መጣ። ከዚያማ ማን ያቁማት! ሁሉንም ዘከዘከችው፤ ክኒኑን፣ ሽንቱን፣ ጉርሻውን፣ የተዝለፈለፈውን እጅ።

አለቃ ዳዊታቸውን አጠፉ። «መዝገቡ ናቸው የላኩሽ?»

«ኧረ! ቢያውቁ ይገድሉኛል።»

«ልጄ፣ ከነገርሽኝ በኋላ አልሰማሁም ልል አልችልም። ዛሬ ቅዳሴ አይኖርም። ነገም አይኖርም። አውቀሽ ነው?»

ትሁን በባዶ እግሯ ጣቶች መካከል የገባውን ጭቃ አየች።

«አውቄ ነው» አለች።

ቀትር ላይ የቅዳሴው ደወል ሳይደወል ቀረ። ነጭ የለበሱ ሴቶች ከማርያም ደጅ ተመለሱ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ሙላቴ በዚያ ሲያልፍ «ምነው፣ ማርያምም ዛሬ ዕረፍት ወጣች?» አለ። ጎረቤታቸው እትዬ አሰለፈች ወሬው ደርሷት ኖሮ ትሁንን ከላይ እስከ ታች አይታ፣ «ልጅ ወልዶ ቤተ ክርስቲያን ማዘጋት ማለት ይሄ ነው!» ብላ ጥላዋን ዘረጋች።

ቄስ መዝገቡ ከአለቃ ቤት ሲመለሱ ጥምጥማቸውን ፈተው በክንዳቸው ይዘውት ነበር።

«ገዘቱኝ» አሉ ለእናቷ ብቻ። «ክኒኑን እንድውጥ፣ ሐኪሙ በቃ እስኪል መቅደስ እንዳልገባ ገዘቱኝ።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ጋደም አሉ። ትሁንን አላዩዋትም። እራት ላይም አላዩዋትም።

በነጋታው ትሁን ሁለቱን ክኒኖች ሳህን ላይ፣ ውሃውን በጣሳ አድርጋ አጠገባቸው አስቀመጠች። እጃቸው አልተነሳም። ቆማ ብትጠብቅ እንደማይውጡት ገባት። ወጥታ ጌሾው ሥር ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመች። ዶሮዋ መጥታ እግሯ ሥር ጫረች፣ ምንም አላገኘችም።

ከውስጥ ሳህኑ ኮሽ አለ። ከዚያ ጣሳው።

«አንቺ» አሉ ቄስ መዝገቡ። ልጄ አላሉም። «ውሃው አልበቃኝም።»

ትሁን ዶሮዋን በእግሯ ገፋ አድርጋ ወደ እንስራው ሄደች።